ማተሚያው የጠየቀኝ ቃል

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 24 ቀን 1982

ውድ ኩብራ፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ልጀምር፤ የቄስ ልጅ ሰላምታሽን ቢዋስ አትቀየሚም። እናትሽን ልታስታምሚ አልዩ አምባ ከወረድሽ ሁለት ወር ሆነ። እኔ ያው እርሻ ቢሮ፣ ያው አመለኛ ኮምፒዩተር ፊት ነኝ። የዚያን የሰኔ ሰኞ ነገር ሳልናገር ግን ከዚህ በላይ አልችልም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ማተሚያውን ካደው። እንደ አዲስ ላገናኛቸው ብል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የእነዋሪ ገበሬዎች ስም ዝርዝር በሆዱ ነው። የስንዴ ዘር የጫነው ካሚዮን በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ "ዝርዝሩ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰኝ ጭነቱን ይዤ እመለሳለሁ" ብሏል። ዝናቡ ጀምሯል። ዘር ያጣ ገበሬ ዓመቱን ምን ሊበላ ነው?

ቃሉ ኮምፒዩተሩን የተከለልን ባለሙያ በተወልን ወረቀት ላይ አለ፤ "ጅሩ" በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ የአንድ ቁጥር፣ "1"። መታሁ፤ እምቢ። ደገምኩ፤ እምቢ። የሚታየኝ ኮከብ ብቻ፣ የጻፍኩትን አያሳይ! ሃያ ዓመት የጽሕፈት መኪና የመታሁት ሰውዬ ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊያችን ጓድ ገብረአማኑኤል ሹፌሩን ሊለምን ወጣ።

አንቺ፣ የቢሮው ተላላኪ፣ ፋይል ይዘሽ ገብተሽ ጣቶቼን ስታዪ ነበር።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ አንድ ቁጥርን የት ነው የሚመቷት?"

"ይቺውና!"

"እሷማ ኤል ናት። ባለሙያው ሲመታ እጁ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ጥግ ነው የሄደው። ወላሂ አይቻለሁ።"

ኧረ የኔ ጉድ! በአሮጌው የጽሕፈት መኪናዬ ላይ አንድ ቁጥር የለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንድን በምትመስለው በትንሿ የእንግሊዝኛ ኤል ነው የተገላገልኩት። ጣቴ በልማዱ ሄዷል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ለእኔ ነው።

ከላይ ያለችውን ብመታት ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ። ጓድ ገብረአማኑኤል ሮጦ ገብቶ "አንበሳ!" ብሎ አቀፈኝ። እኔም ምስጋናውን ለብቻዬ ወሰድኩ። ካሚዮኑ ወደ እነዋሪ ሄደ። አንቺ የታተመውን ወረቀት ባለቀዳዳ ጠርዝ እየቀደድሽ ፈገግ አልሽ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። እኔ ብሆን ቢሮውን በጩኸት አፈርሰው ነበር። ዓይንሽንም ልብሽንም አደንቃለሁ፣ ኩብራ፤ በራሴ ደግሞ አፍሬያለሁ።

ትናንት ለኃላፊው እውነቱን ነገርኩት። እሱም "ታዲያ ልጅቷ መቼ ነው የምትመለሰው?" አለኝ። ወንበርሽ ከእኔ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ መላላክ የለም።

የይለፍ ቃሉንም ቀይሬዋለሁ። ደብዳቤው ሰው እጅ ከገባም ይግባ። እዚህ ቢሮ አንዲት ገጽ ማተም የፈለገ ሁሉ፣ ጓድ ኃላፊው ሳይቀር፣ መጀመሪያ ስምሽን ይጽፋል።

እናትሽን አላህ ያሽርልሽ።

ጣቱን ያቀናሽለት፣
ዘርአ ዳዊት