ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞርኳቸው ወረቀቶችህ

ልጄ ደሱዬ፣

የፊታችን ሐምሌ ከተለየኸኝ አሥራ ሰባት ዓመት ይሞላል። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው እጁ ቶሎ አይሄድም፤ ይህችን እንኳ ስጽፍ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን በመስኮት ሲገባ ጥቂት ጥቂት እያልኩ። ግን የዘገየሁት በእጄ ምክንያት ብቻ አይደለም። በወረቀቶችህ ላይ ያደረግሁት ነገር አለ። እሱን ትቼ የቤቱን ወሬ ብቻ ብጽፍልህ አንተን መሸንገል ይሆንብኛል፤ እሱን ለመናገር ደግሞ ድፍረቱ አልነበረኝም።

እስቲ በቤቱ ልጀምር። እህትህ አስቴር በደሌ ከተማ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ትልቁ ባንተ ስም ይጠራል፤ እኔ ግን ስሙን መጥራት ስለማልችል «አንተ ልጅ» እለዋለሁ። የጓሮው አቮካዶ በነፋስ ተገንድሶ ወደቀ። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ሆኗል። ጣሪያው አንተ ትተኛበት በነበረው ክፍል በኩል ያፈሳል፣ እንጨቱም ምስጥ ገብቶበታል። ስለ ምስጡ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ፎዚያ መጣች። የባለሱቁ የጋሼ ነስሩ ልጅ፣ ለመጽሔታችሁ ሥዕል ትስል የነበረችው። አሁን ጅማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። መነጽር አድርጋለች፣ ወፍራለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። በር ላይ ቆማ «እትዬ ዘውዴ፣ የማዶ ወሬን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አለችኝ። የመጽሔትህን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

ሻይ ቀድቼላት ነገሩን አስረዳችኝ። ያኔ በየከተማው እንደናንተ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወዱ ልጆች ነበሩ አለች። ስለ መንኮራኩርና ስለ ሌላ ዓለም የጻፉትን በትምህርት ቤት ማባዣ እያባዙ በፖስታና በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይላላኩ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ወረቀት እየጠፋ ነው። እሷና ጓደኞቿ ከየቤቱ እየለቀሙ፣ ስካነር በሚሉት መሣሪያ እያነሱ፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ በሚያነብበት የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡታል። ከናንተ መጽሔት አሥራ አንዱን ቁጥር አግኝታለች። ዘጠኙን የሁሩሙው መምህር ቶለራ በላስቲክ ጠቅልለው አቆይተዋቸው ነበር፤ ሁለቱ ኖፓ ካለ አንባቢ ቤት ተገኙ።

«የጠፋው አሥራ ሁለተኛው ብቻ ነው» አለችኝ። «የንቧ ሴትዮ ታሪክ የሚያልቅበት። ደሱ አባዝቶታል ሲባል ሰምቻለሁ፣ በሰው እጅ ግን አልደረሰም። ምናልባት እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን?»

እኔ ጋ ነበር ልጄ። ከተቀመጠችበት ወንበር ጀርባ ነበር።

ስለ መጽሔትህ ያኔ ደግ ቃል ተናግሬህ አላውቅም። የትምህርት ቤቱን ፈተና ስታባዛ ውለህ በተረፈህ ወረቀት የራስህን ታባዛለህ፣ እስከ ክንድህ በቀለም ጠቁረህ ትመጣለህ፤ እኔ ደግሞ ስለ ሸሚዝህ እነጫነጫለሁ። ሁሩሙ ገበያ አብረን በሄድንበት ቀን የማር ነጋዴዎቹ ከሩቅ አይተውህ «ደሱ፣ ማርስ አከም ጅራ? ቡናው አበበ?» ብለው ሲጠሩህ፣ ማርስ እንዴት ናት ማለታቸው ነው፣ እዚያ ቡና ስለሚተከልበት ታሪክህ፤ አንተ ከት ብለህ ሳቅህ፣ «አብቧል፣ ለቃሚ ነው ያጣነው» አልካቸው። እኔ ግን ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ልጄ መሳቂያ ሆነ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ይወዱህ ነበር፤ ቀጣዩ ቁጥር መቼ ይወጣል ብለው የሚጠይቁህም እነሱ ነበሩ።

የንቧን ሴትዮ ታሪክ ግን ወደድኩት። ይህን አልነገርኩህም። ትንሽ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ንቦቿን ይዛ ወደ ሌላ ዓለም ሄዳ፣ በማታውቀው ዛፍ ላይ ቀፎ የምትሰቅለዋ። ሻሿን ወደ ግራ ነበር የምታስረው። እኔም ወደ ግራ ነው የማስረው፤ አይቼ ዝም አልኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ወደ ቤቷ ልትመለስ መንገድ ስትጀምር ቆመ። «መጨረሻውስ?» ስልህ «አሥራ ሁለተኛው ላይ ታነቢዋለሽ» አልከኝ።

ያን ጊዜ ኩላሊትህ ደክሞ ከአልጋ መውረድ ትተህ ነበር። ስቴንስሉን፣ የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ በጉልበትህ ላይ አድርገህ በእጅህ ትጭር ነበር። ፎዚያ ለትምህርት ሄዳለች፣ የሚያባዛልህ ሰው የለም። እኔ ይዤው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። እንዳስተማርከኝ ቀለሙን ቀብቼ እጀታውን አዞርኩ። ሠላሳ ወረቀት ነበር የቀረህ፤ ባለ ስድስት ገጽ፣ አምስት ቅጂ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንዲነበብ ብለህ። ሁሉንም በእጄ አወጣሁት፣ አንዲት መስመር ግን አላነበብኩም። ልቤ ቤት ነበር፤ ብቻህን ትቼህ ስለወጣሁ። ወረቀት የሚያያይዝ መምቻ ስላልነበረን ገጾቹን ለየብቻ ደርድሬ ሣጥንህ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሲሻልህ ታያይዘዋለህ ብዬ። በአራተኛው ቀን አረፍክ።

አሁን የምፈራው ቦታ ደረስኩ።

ከአልጋህ ራስጌ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ስምንት ወር ተደግፈኸው የኖርክበት ቦታ፣ የራስህና የትከሻህ ምልክት ነበር። በነጩ ኖራ ላይ ላብህ የሠራው ጥቁር ጥላ። አርባህ ሲደርስ ቄሱም ለቀስተኛውም እዚያ ክፍል ሊቀመጥ ነው። እንግዳ በሚመጣ ጊዜ እንደምናደርገው ግድግዳውን ወረቀት ላለብሰው አሰብኩ። ዱቄት በጥብጬ ማጣበቂያ ሠራሁ፣ ሣጥንህን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎዚያ ከዚያ በፊት የሳለችልህ ባለ ሦስት ዓይኑ ፍጡር ነበር፤ አንተ ስቴንስሉ ላይ ገልብጠኸዋል። ሥራ ልታግዘኝ የመጣች ጎረቤት «ይሄንን ቄሱ ቢያዩት ምን ይላሉ? ልጁ ከምን ጋር ነበር የሚኖረው ይሉሻል» አለችኝ። የተናገረችው እሷ ናት፣ ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። ሠላሳዎቹንም ወረቀቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ነጭ ጀርባቸውን ወደ ሰው አድርጌ ለጠፍኳቸው። ከላይ ጀመርኩ፤ አንደኛ ገጾቹ ከላይ፣ ስድስተኛ ገጾቹ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ። ለቀስተኛው ገብቶ «ቤቱ እንዴት ጸድቷል» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ልጄ፣ በአርባህ ዕለት በዚህ ደስ አለኝ።

ይህን ሁሉ ለፎዚያ ስነግራት ተነሥታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። በማግስቱ መምህር ቶለራን ይዛ መጣች። ሸብተዋል፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ በሚኒባስ ተጭነው፣ ስስ ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልለው ነበር የመጡት። እኔ ውኃ አፈላሁ፣ ፎዚያ እርጥብ ጨርቅ እያስደገፈች ታለሰልሳለች፣ እሳቸው በቢላዋው ጫፍ ያላቅቃሉ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ከላይኞቹ ብዙዎቹ ተቀዳደው ወጡ፤ ከአምስቱ ቅጂ እየተገጣጠመ እስከ አምስተኛው ገጽ ድረስ ተነበበ። ወደ ታች ስንወርድ ግን ወረቀቱ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። ምስጡ ከወለሉ ተነሥቶ ማጣበቂያዬን በልቶ፣ ወረቀቱን በልቶ፣ ነጭ የሚመስለውን ስስ ሽፋን ብቻ ትቶልናል። አንተ መጨረሻውን የጻፍክበትን ገጽ አምስቱንም እኔው ነኝ ለምስጡ ደጁ ላይ ያስቀመጥኩለት።

መምህር ቶለራ ቢላዋቸውን ጠረጉና መሬት ላይ ተቀመጡ። «አሥራ ሰባት ዓመት ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም ስል ኖሬ፣ ከኔ በፊት ምስጥ አነበበው» አሉ። ሊያስቁን ብለው ነበር።

ከታች፣ በስተቀኝ ጥግ ግን ወረቀቱ ቢያልቅም ቀለሙ ኖራው ላይ ታትሞ ቀርቶ ነበር። ፊደሎቹ ተገልብጠዋል፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። ጺምህን ትላጭበት የነበረውን መስታወት አመጣሁና ያዝኩለት፤ ፎዚያ ደግሞ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ገለበጠችው። የተገኘው ይኸውልህ፦

«ደጁ ላይ ደርሳ ቆመች። ቀፎውን ከትከሻዋ አወረደች። ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ከውስጥ፣ ማነው፣ አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ። ሴትየዋም»

ከዚያ በታች የምስጥ መንገድ ነው። ኖራውም ጭቃውም የለም።

የመለሰችውን አላውቅም። ልጇ ያውቃት አያውቃት፣ ይክፈትላት አይክፈትላት አላውቅም። አንተ ታውቅ ነበር፤ ስምንት ቀን ሙሉ በጉልበትህ ላይ ጽፈኸዋል። እኔም በእጄ አምስት ጊዜ አባዝቼዋለሁ።

አሁን መጽሔትህ ማኅደሩ ውስጥ ገብቷል። ፎዚያ በስልኳ አሳየችኝ፤ የኔ የዱቄት ቅሪት እንኳ ሳይቀር ይታያል። ያነበቡ ሰዎች መጨረሻውን እንጻፍለት እያሉ ይልካሉ አለችኝ። አንዱ ከውስጥ ያለው ልጇ ሆኖ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጽፏል። ደግ ሰው ነው፣ አልጠላሁትም። ግን እንዳታስገቢው ብዬ ለመንኳት። የጎደለው ይጉደል፤ እኔ ያጠፋሁትን ሌላ ሰው አይሙላልኝ።

ከየወረቀቱ ሥር የት እንደተገኘ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ለአሥራ ሁለተኛው «መቱ፣ በእናቱ ቤት ተጠብቆ የቆየ» ብላ ጽፋ አነበበችልኝ። ለኔ አዝና ነው። አይሆንም፣ አጥፊው አልኳት። «እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ እኮ ዓለም የሚያየው ነው» አለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ ሰው ያያል ብዬ ነው እዚህ የደረስነው አልኳት። ከዚያ ቃል በቃል እየነገርኳት ጻፈች፦ «እናቱ በአርባው ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ለጠፈችው። የቀረው ይህ ነው።» አሁን ከስምህ ሥር የሚነበበው ይህ ነው። ያፈርኩብህን ያህል ባይሆንም፣ ማፈሬን ሰው ይወቀው።

ወረቀቱ ሲነሣ የራስህ ምልክት ከሥሩ ወጣ፤ አልጠፋም። በላዩ ላይ የተገለበጡ ፊደሎችህ አሉበት። አስቴር ለፋሲካ ኖራ ላስቀባልሽ ስትል ከለከልኳት፣ ከኔም በኋላ እንዳታስነካው አስማልኳት። ምስጡን በነጭ ጋዝ እከላከለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት መስታወትህን ይዤ እዚያ ጥግ እንበረከካለሁ፤ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ አንድም ቀን አላስታጉልም። ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እንደምታውቀኝ። ደጁ ላይ ትደርሳለች፣ ቀፎውን ታወርዳለች፣ ታንኳኳለች። ከውስጥ ማነው ይላል።

እናትህ ነኝ፣ ዘውዴ።