ከደፉ ወዲያ የተኛችው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እትዬስ፣ ልጆቹስ? የልጅህ የቴንሞሊ ሠርግ ሽር ጉድ ቤቱን ሁሉ እንቅልፍ እንደነሳው ሰምቻለሁ። ጉልበትህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያቃስትሃል? እኔ፣ ቤተ መቅደሱ እስኪታደስ በገንቦ ውሃ ውስጥ ተጠግቶ የሚጠብቀን ጌታችን ሺቫ ይመስገንና፣ ደህና ነኝ። ሩዙ ጥሩ ይዟል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። አክስታችን ቫዲቩ በሕይወት አለች፤ ደህና ናት ግን አልልህም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለህ ታነበዋለህ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ይብቃ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው።

በስልክ ልነግርህ ብሞክር «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ» ትለኛለህ። ደብዳቤ ስብሰባ አያውቅም ብዬ ጻፍኩ።

መንደሩ ሁሉ ስምህን እያነሳ ይመርቅሃል። «የድሮው የአበባ ጎንጓኝ ልጅ ቤተ መቅደሱን አሳደሰው» ይላሉ። ስምህ በበሩ ግንብ ሥር በእብነ በረድ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ቆሟል፤ ከተማ ከገባህ በኋላ በስምህ ላይ የቀጠልከው የባለርስቶች ማዕረግም አልቀረ። የጥንቷ አያታችን ግን፣ የቤተ መቅደሱን አዳራሽ ያስቆመችው፣ ዛሬ በመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሥር ተቀብራለች። ያንተው ትእዛዝ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር፤ የረሳኸው መስሎኛልና። በእኛ አገር ድንጋይ የለም። ያለው የካቬሪ ወንዝ ያመጣው ጭቃ ነው፤ ልጅ ቁራ የሚያባርርበት ጠጠር እንኳ አያገኝም። ጌታው ጥንት የሸክላ ጡብ ቤት ነበረው፤ ዝናብ ሲያፈርሰው ሲሠሩት፣ ሲያፈርሰው ሲሠሩት ኖሩ። በኋላ ከቾላ ነገሥታት ወገን አንዲት ንግሥት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከድንጋይ ላሠራለት ብላ ተነሳች ይላሉ አባቶቻችን። ድንጋዩ በስተምዕራብ ካለው የተራራ አገር በበሬ ተጎትቶ፣ በጀልባ ተጭኖ መጣ። በዚያ ቤት ውስጥ ወድቆ የተገኘ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም ተለምኖ የመጣ እንግዳ ነው። ጌታው የሚቀመጥባት ጨለማ ክፍል፣ በላይዋ እየጠበበ የሚወጣው የድንጋይ ጣሪያ፣ ከሥሯ ዙሪያውን የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ይህ ሁሉ የንግሥቲቱ ነው። ማን መብራት እንደሰጠ፣ ማን ለመብራቱ ቅቤ የምትታለብ በግ እንዳበረከተ እዚያ ተጽፏል። ባለ ምሶሶውን አዳራሽና ከሩቅ የሚታየውን የበር ግንብ የጨመሩት ኋላ የመጡ ነገሥታት ናቸው። ወለሉንም ወደ ሰሜን ቀስ ብሎ እንዲያዘነብል አድርገው ነጠፉት፤ ጌታው የታጠበበት ውሃና ወተት መንገዱን ራሱ አውቆ እንዲወጣ።

የእኛ አያት የምትገባው አዳራሹ ሲሠራ ነው። ለጌታው የምታሸበሽብ ነበረች፤ ለእሱ የተዳረች፣ ለሰው ያልተዳረች። ጌጧን ከአንገቷም ከወገቧም አውልቃ ሰጥታ ምሶሶዎቹን አስቆመች። አሠሪው ሹም «ከነገሥታቱ ጎን በምሶሶ ላይ ቆመሽ ትቀረጪ» ቢላት «ቆሜማ ኖርኩ፤ አሁን ወደ ጌታዬ የሚሄድ እግር ይረፍብኝ» አለችው። እንዳለችውም ከደፉ ወዲያ፣ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ፣ እጆቿን ከራሷ በላይ ገጥማ በደረቷ እንደተደፋች ወለሉ ላይ ቀረጿት። ስንት ትውልድ ረግጧት ፊቷ ጠፍቷል። የእግሯ የሽብሸባ ቃጭሎች ግን ወደ ጥግ ስለሆኑ ትናንት የተቀረጹ ይመስላሉ።

የቤታችን ልጅ መሄድ ሲጀምር የመጀመሪያ እርምጃው በእሷ ጀርባ ላይ ነው። አንተንም እናታችን በሁለት እጅህ ይዛ አቁማህ ነበር። ፈርተህ እንደሸናህባት አክስታችን እስከ ዛሬ እያነሳች ትስቃለች። ሴቶቻችን ደግሞ ሲገቡ ቀኝ እግራቸውን ወገቧ ላይ አሳርፈው፣ ከከንፈር ሳይወጣ፣ «እናቴ፣ ትቢያዬን ውሰጂ፣ እርምጃሽን ስጪኝ» ይላሉ። ይህን ቃል ካህኑም አያውቀው። ከአሸብሻቢ ቤት ያልተወለደ ሰው አያውቀውም።

እንግዲህ ያ የላክኸው ኮንትራክተር፣ ዳንዳፓኒ፣ ጠዋት አበባዬን ይዤ ስገባ ሴራሚኩን ደፉ ድረስ አንጥፎ ደረሰ። «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። «እህቴ፣ አንቺ አበባሽን ጎንጉኚ፤ ወለሉን ለእኛ ተዪ» አለኝ። እጁን ስይዘው ለአንተ ደወለና ድምፅህን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። «ቅድመ አያታችን በሰው እግር ስትረገጥ ቆሜ አላይም። ሸፍኗት። ይህ ክብሯ ነው» አልክ። ሠራተኞቹ እየሰሙ ነበር።

ክብር! እሷ የለመነችውን እግር ከልክለህ ክብር? ነገሥታቱ ምሶሶ ላይ ተኮፍሰው እንዳሉ ናቸው፤ እነሱን ማንም አልሸፈነም። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ አንተን ግን ከልጅነትህ ጀምሮ አንብቤሃለሁ። የሸፈንከው ጀርባዋን አይደለም። ቃጭሎቿን ነው። የቴንሞሊ አማቾች ለምረቃው ሲመጡ ቃጭሎቹን አይተው «ይህች የማን ናት?» ብለው እንዳይጠይቁ ነው። የባለርስት ዘር ነን ብለሃቸዋላ! ሕግ የሽብሸባውን ሥርዓት ከሻረ ወዲህ ሰው ስለ እነዚያ ሴቶች የሚያወራውን የጋለሞታ ወሬ አታውቂም አትበለኝ፤ እኔም ገበያ እሄዳለሁ፣ ጆሮ አለኝ። ቢሆንም በዚያ ወሬ ያፈርኩት በአውሪዎቹ ነው እንጂ በእሷ አይደለም።

ሴራሚክህ ደግሞ ምን እንዳደረገ ስማ። ወለሉን ቀጥ ስላደረገው ውሃው መውጫ አጥቶ ይተኛል። ቀን እግር ያቃጥላል፤ የመብራት ዘይት ሲንጠባጠብበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አክስታችን ቫዲቩ በአንድ የበዓል ጠዋት ተደግፋ መጣች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ አያቷን የምታገኛት በእግሯ ነው። ደፉን ተሻግራ እግሯን ብታሳርፍ የለችም። ጣቶቿ ወዲያ ወዲህ እየዳበሱ ሲፈልጓት ተንሸራታ ወደቀች። ዳሌዋን ተጎዳች። ላነሳት ጎንበስ ስል ምን አለችኝ መሰለህ? «ተዪኝ አንቺ ልጅ፤ አልወደቅሁም። እሷን ፍለጋ ወረድኩ እንጂ።» ሳቀች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ካህናችን ሶማስካንዳን ዘንድ ሄጄ ጮህኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ጌታውን ከገንቦው ወደ ድንጋዩ እመልሳለሁ። ወንድምሽን ወደ ልቡ የምመልስበት ጸሎት ግን አልተማርኩም።» ደግሞም አስጠነቀቁኝ። ጣሪያው አናት ላይ ያሉት የመዳብ ጉልላቶች አዲስ እህል ተሞልተው፣ የገንቦው ውሃ ፈስሶባቸው፣ ጌታው ቤቱ ከገባ በኋላ እስከሚቀጥለው እድሳት አንድ ድንጋይ አይነሳም፤ ይህም አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ቫዲቩ አሥራ ሁለት ዓመት የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ዳንዳፓኒን ለመንኩት፤ «ያለ ጌቶች ቃል ጣቴን አላነሳም» አለኝ። ጌቶች የሚለው አንተን ነው።

ባለፈው አርብ ደግሞ ያልጠበቅሁት እንግዳ መጣ። ወይዘሮ ኮማላ፣ የሙሽራው እናት። «በዚህ ሳልፍ ቤተ መቅደሳችሁን ልሳለም ብዬ ነው» አለችኝ። ጃስሚን ጎንጉኜ ፀጉሯ ላይ አሰርኩላትና ይዣት ሄድኩ። አንተን ላለማሳፈር ስል በጎን በር ላስገባት ሞከርኩ፤ እምቢ አለችኝ፤ «በፊት ለፊት ነው የሚገባው» አለች።

ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀኝ እግሯን አነሳች፤ አየር ላይ ትንሽ ያዘችውና፣ ወንድም ጋሼ፣ ልክ በልኩ የአያታችን ወገብ ያለበት ላይ አሳረፈችው። ማንም አላሳያትም። ሴራሚኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ምልክት የለበትም። የእግሯ ጣቶች እንደ ቫዲቩ ጣቶች ዳበሱ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ከንፈሯን ግን አይቻለሁ፤ «ትቢያዬን ውሰጂ» የሚለውን ከንፈር በየቀኑ ከእናታችን ፊት ላይ አይቼው ያደግሁ ነኝ።

«ማን ነው የሸፈናት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ኮንትራክተሩ» አልኩ። ያንተን ስም ማንሳት አቃተኝ። ተናድጄብህም ወንድሜ ነህ።

«ኮንትራክተር ያልታዘዘውን አይሸፍንም፣ የኔ እህት» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። ከዚያ እንዲህ በይልኝ አለች፦ «ከወንድምሽ ወርቅ አልጠየቅንም፣ አንጠይቅምም። ልጃችሁ ግን ቤቴ ከመግባቷ በፊት እዚህ ትግባ። ስትገባም ድንጋይ ትርገጥ።»

ከዚያ ቫዲቩን ልጠይቅ ብላ ቤት መጣች። ዳሌዋን በሰሊጥ ዘይት እያሸች ሳለ አክስታችን እንደልማዷ ያችን የምሽት መብራት ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ጌታውን የሚያስተኙባትን፣ እኛ ሳንወለድ የቀረችውን። ሁልጊዜ መሃል ላይ ቃሉ ይጠፋታል፤ አሁንም ጠፋት። ኮማላ ቀና እንኳ ሳትል፣ እያሸች፣ የቀረውን እስከ መጨረሻው ጨረሰችላት። ቫዲቩ እጇን ሰድዳ ፊቷን ዳበሰች። ዜማውን የት እንደተማረችው ኮማላን አልጠየቅኳትም። አንተም አትጠይቃት።

ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ጽፌልሃለሁ። ስንት ዓመት ከማን ስትሸሸግ እንደኖርክ አንተው አስበው። አስበህ ስትጨርስ ለዳንዳፓኒ ደውል። «አንሳው» በለው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ሴራሚኩን ለመታጠቢያ ቤትህ ውሰደው፤ እዚያ ያምርበታል።

ጌታው ወደ ቤቱ ሲገባ አንተንም ወደ ቤትህ ያስገባህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፣ የቴንሞሊን ጎጆ ያሙቅላት፣ ልጅ ወልዳ በሁለት እጁ ይዛ የምታቆምበትን አያሳጣት። እትዬን ሳምልኝ። ቫዲቩ «ያ ሽንታም ደህና ነው ወይ በዪልኝ» ብላሃለች።

እንዳንተው በአንዲት ጀርባ ላይ መሄድ የተማርኩ፣
ታናሽ እህትህ