ዜማውን ሰማይ የሰቀልኩበት እሁድ

ወንድም ዓለሜ ሩሪ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ጣቢያ ብርድ ጨርሶ አላሽመደመደህም? ጉልበትህን አሁንም ይቆረጥምሃል ወይስ ተወህ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ከነቁጣዋ፣ በጎቹም ከነጥጋባቸው አሉልህ። የጎደልክብን አንተ ብቻ ነህ።

«በጥቅምት በሚነሳው መርከብ ላይ አስቀጥርሃለሁ፤ ዓለም ሳታይ እዚያ ደሴት ላይ አፈር እንዳትሆን» ያልክበት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ደግሞ ቄስ ሆንክ አሉ» ብለህም ስቀህብኛል፤ ሳቅ! መልሴ የዘገየው ንቄህ አይደለም። ባሕሩን ሳስብ አሁንም እግሬን ይበላኝ ስለነበር ነው።

ባለፈው እሁድ ግን ዜማ የሚያወጡልን ሽማግሌው አንገስ ጉንፋን ጥሏቸው ቀሩ። ቄሱ ወዲያ ወዲህ አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። መርከብ ላይ ስትጮህ ኖረህ እዚህ ድምፅ የለኝም እንዳትለኝ አሉኝ። መቼም የኛን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለህ፤ ኦርጋን የለ፣ ምን የለ፤ አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ተነሳሁና ከፍርሃቴ ብዛት ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሰማይ ሰቀልኩት! ዜማው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። አንዴ ከወጣ ማውረድ የለም። ጉድ ሆንኩ አልኩ።

ሕዝቡ ግን ተቀበለኝ። የሴቶቹ የአንገት ሥር ተገታተረ፣ የወንዶቹ ፊት ቀላ፤ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። አንድ እንኳ የሳቀ ወይም ትቶኝ ዝም ያለ የለም። እስከ መጨረሻው ስንኝ አብረውኝ ወጡ።

ሩሪዬ፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። በረዶውንም ወደቡንም ካንተ ጋር አይቻለሁ፤ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ከአንዱ ወደብ ስንነሳ ልቤ ባዶ ነበር፤ የሚቀጥለው ይሞላዋል እያልኩ ስባክን ኖርኩ። ክርስቶስ ሞላው። ደስታው ሲነጋ አይከዳኝም፤ ስነሳም ከኔ ጋር ነው።

ስንወጣ ጎረቤታችን አሮጊቷ ኪርስቲ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንተ ልጅ፣ በዜማ ቀጥታ መንግሥተ ሰማያት ልታደርሰን ነበር እንዴ? ድንቼን እንኳ ገና አልቆፈርኩም እኮ!» አሉኝ። ደጅ የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንገስም ሲሰሙ ከእንግዲህ አንተው አውጣ፣ ግን ውሃ ጠጣበት ብለው ላኩብኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መርከቡ ያለ እኔ ይነሳ። ፈርቶ ነው እንዳትል፤ ልቤ ጠግቦ ነው። እንዳትቀየመኝ።

እህታችን ኤፊ ሹራብ እየሠራችልህ ነው፤ ትንሹ ልጇም አጎቴ ዓሣ ነባሪ ያምጣልኝ ይላል። ኪርስቲና አንገስ እንዴት ነህ ብለውሃል። እማዬ ከሩቅ ሆና ጉንጮችህን ስማ፣ ይህን ጻፍልኝ አለች፦ «ሩሪ የመጣ ዕለት ዝቅ አድርገህ አውጣለት። ከኛ ጋር ከዘመረ ብዙ ጊዜው ነውና፣ እንዳያቅተው።»

የሚወድህ ወንድምህ ቶርሞድ

ኔስ፣ ሉዊስ ደሴት
ነሐሴ 13 ቀን 1958 እ.ኤ.አ.