መጣሁ ብሎ የሄደ ሰው

ለማከብርዎት እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ትንሽ ተሻለዎት? መድኃኒቱን ለክፉ ቀን ብለው እንደሚያስቀምጡት ስለማውቅ፣ ደህና ነኝ ቢሉኝም አላምንዎትም። እኔ አለሁ፤ መኖር ይህ ከሆነ።

«ቋንቋውን ቶሎ ጨርሺና ባልሽ ዘንድ ሂጂ» እያሉ ስለሚጨቀጭቁኝ የኦንላይን ትምህርቱን ነገር ልንገርዎት። ከሥራ ስመለስ ጓዳ ገብቼ፣ ስልኬን የዱቄት ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ እማራለሁ። መምህሯ ስትጠራኝ፣ በራሴ ቋንቋ ምላሷ አያርፍ የምባለው ሴትዮ፣ በሰው ቋንቋ እንደ ሕፃን እንተባተባለሁ። ያሳፍረኛል። ሲጨንቀኝ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ» እላለሁ፤ እሷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለ ስሕተት እችላታለሁ።

በቀደም፣ የምትወዱት ሰው ሲለያችሁ ምን አለ ተብለን ተጠየቅን። ባሌ፣ ልጅዎ፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ሻንጣውን አንሥቶ በር ላይ ያለኝን ቃል በቃል ተርጉሜ «መጣሁ አለኝና ሄደ» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪው ሁሉ ሣቀብኝ። መምህሯ፣ መጣሁ ያለ ሰው እዚህ አለ ማለት ነው፣ ገና የሚመጣ ከሆነ «እመጣለሁ» በይ ብላ አረመችኝ። እኛ ዘንድ መጣሁ የሚለው የሚሄደው ሰው ነው፣ ቶሎ ስለሚመለስ እንደ መጣ ይቆጠራል ብዬ እንደ ምንም አስረዳኋት። ካልተመለሰስ አለችኝ። ኔትወርክ እምቢ አለኝ አልኳት።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና ደወልኩለት። ወትሮ የሚደውለው እሱ ነበር። ስልኩን ያነሣችው ሴት ናት። «እሱ ልጃችንን እያጠበ ነው፣ ማን ደወለ ልበለው?» አለችኝ። እናቴ፣ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ የገባኝ ያን ቀን ነው። «እኔ ሚስቱ ነኝ» ማለትን ገና በመጀመሪያው ትምህርት ተምሬ፣ መስታወት ፊት ስለማመደው ኖሬያለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» የሚለው ሆነ። ደግ ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ቋንቋችንን አሳምረሽ ትናገሪያለሽ አለችኝ።

ትምህርቱን ትቻለሁ። አይቆጡኝ፤ አንጀቴ ቅጥል ብሏል። እርስዎን ግን አልቀየምም፤ እርስዎንም ማጣት አልችልም።

ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎን አቅፈው ለመሳም ያብቃዎ።

ካልከለከሉኝ፣ ልጅዎ