ለሁሉም የተሰጠ አደራ

ውድ አባዬ፣

ሞተህም ከስብሰባ አትቀርም። ከተቀበርክ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ እኛ ግን በቀለም ፋብሪካህ ዛሬም አንተን ሳናስፈቅድ የአንድ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን አንቀይርም።

ይህን የምጽፍልህ ከቦርዱ ክፍል ውጪ፣ እንግዳ የሚጠብቅበት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰብሳቢዋ አንቺ ሆነሽ ውጪ ምን ትሠሪያለሽ ትለኝ ይሆናል። ልንገርህ፤ ብቻ አትቆጣ።

አንተ ስብሰባ ስትመራ «የሚቃወም አለ?» ትልና ጉሮሮህን ጠረግ ታደርጋለህ። ሐሳብ ሊሰጥ አፉን ከፈት ያደረገ ሰው ያዛጋ መስሎ መልሶ ይዘጋዋል። «ጸደቀ» ትላለህ። አጎቴ ይህን «ስምምነት» ይሉት ነበር። ካንተ በኋላም ያ ድምፅ ከክፍሉ አልወጣም። ስለ አዲሱ ማሽን ስንነጋገር እሰማዋለሁ፤ ስለ ደሞዝ ስንነጋገርም እሰማዋለሁ። ከታች ያለው የቀለም መቀላቀያ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ የድሮ ጓደኛህ ጠበቃው «እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ…» ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ ሁሉም ፋይሉን ይዘጋል። አንዴማ ከኋላዬ የቆምክ መስሎኝ ዞር ብያለሁ። ፈርቼ ነበር አባዬ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ሲያበቃ፣ ባንኩ የወከላት አዲሷ የቦርድ አባል ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ጉሮሮሽን ያምሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ምነው?»

«እንግዲያው ተይው። አንቺ ስትጠርጊ ሰው ሁሉ ጭጭ ይላል። እኔ አባትሽን አላውቃቸውም፤ ሌሎቹ ግን እሳቸው የገቡ ነው የሚመስላቸው።»

ለካ እኔ ነበርኩ።

የዛሬው አጀንዳ ደግሞ የወንድሜ ነገር ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይሁን ወይስ አይሁን። ታውቀዋለህ፣ ሳቁ ብቻውን ቤት ይሞላል። ነፍሴ እስኪወጣ እወደዋለሁ። ግን የግድግዳ ቀለም ለጣሪያ ሸጦ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያጥበው «እንዲህም ያምራል» ያለ ልጅ ነው። ሁለት መቶ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ፋብሪካ ነው አባዬ፣ መጫወቻ አይደለም። ነባሮቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ሊያጸድቁት ነበር፤ ምክንያቱም ታመህ ተኝተህ ሳለ አንድ በአንድ እያስጠራህ «ልጄን አደራ» ብለሃቸዋል። እያንዳንዳቸው «ለኔ ብቻ ነው የነገሩኝ» እያሉ በጆሮዬ ሹክ ብለውኛል።

ስለዚህ ተራው ሲደርስ ተነሳሁ። «የወንድሜ ጉዳይ ስለሆነ እኔ እዚህ መቀመጥ የለብኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ይምሩት» አልኩ ወደ ጠበቃው ዞሬ።

«ወዴት ነው የምትሄጂው? ያባትሽ ቤት እኮ ነው!» አሉ ጠበቃው ደንግጠው።

ወጣሁ። ከበሩ በላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ክፍት ስለሆነች የሚባለው ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። ከዚያ አጎቴ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቀው አጎቴ፣ ጮኹ።

«እኔ አደራ በላ አልሆንም! ወንድሜ ልጄን አደራ ብሎኛል!»

«ለኔም እኮ ነግረውኛል» አሉ ጠበቃው።

«ለኔም!» አሉ ቦርዱ ውስጥ ያስገባሃቸው ሐኪምህ።

«የቱን ልጃቸውን?» አለች አዲሷ።

«ስም ጠርተዋል?» ብላ ደግማ ጠየቀች።

«ልጄን ነው ያሉት» አሉ ጠበቃው፤ ድምፃቸው ሲወርድ ታወቀኝ። «እኛማ… ወንዱ መስሎን።»

ዓመት ሙሉ እኔም ወንዱ መስሎኝ ነበር። እኔ ልሆን እችላለሁ የሚለው ነገር በሐሳቤ ውል ብሎብኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የተነሳውን ጭቅጭቅ ብትሰማው! ሲዋጥ የኖረው ሁሉ ወጣ። «ያኔም ልክ አልነበሩም» እያሉ ስምህን ሲያነሱ ገብቼ ልከራከርልህ ከሶፋው ተነስቼ ነበር፤ ደግሞ ቀለል አለኝ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ስላለ የሚሉትን መለየት አቃተኝ።

ቅድም ጠበቃው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ልጄ፣ ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል። ወንድምሽም ከፈለገ እንደ ማንም ሰው ይወዳደር ተብሏል።»

«ጥሩ ነው ጋሼ። ልግባ?»

ዓይናቸውን አሸሹ። «ትንሽ ቆዪ። ያቺ ልጅ፣ ሰብሳቢዋስ በምን ተመረጠች አለች። እውነቷን ነው፤ ያን ቀን እጁን ያወጣ ሰው የለም፣ ዝም ብለን ነው ያስቀመጥንሽ። አሁን ድምፅ ይሰጥበት ተብሏል።»

እኔው በከፈትኩት በር እኔው ልወጣ ነው መሰለኝ። ያን ወንበር እወደዋለሁ አባዬ፤ ማጣቱን እፈራለሁ። ግን ከገባሁ እነሱ መርጠውኝ እገባለሁ፤ ካልገባሁም ባንተ ስም የሚያባብለኝ አይኖርም። ከዛሬ ወዲያ አንተን በስብሰባ አላስቸግርህም፤ ቃሌ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያኔ አልጋህ ላይ ሆነህ «ልጄን» ስትል፣ ፊትህ ላይ ድቅን ያለው ማን ነበር?

እየተጠራሁ ነው። ደህና ሁን።

ሴቷ ልጅህ