የሞተሬን ማርሚታ ስላስደፈኑልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ድምፅና ጢስ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ እንደምን ከርሟል? እኔና እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ቤታችንም እርስዎ እንዳዘዙት ጸጥ ብሏል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ ለአንዲት ተራ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የዋሉት ውለታ ሕዝብ ሳያውቀው እንዳይቀር ብዬ ነው።

ጉዳዩን ካላስታወሱት፣ ከአባቴ የወረስኳት የአሮጌዋ ቀይ ሞተር ብስክሌት ጉዳይ ነው። አባቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ዕድሜውን በእሷ ከቤት ቤት ሲዞር ኖሮ፣ ሲሞት ለእኔ ተዋት። ማርሚታዋ፣ ማለትም የጢስ ቱቦዋ፣ ከኢንጂኑ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ላይ ጢስ እያስወጣ በጩኸት ይተነፍስ ነበር። አባቴ የቆርቆሮ ቁራጭ በሽቦ አስሮበት፣ ሳል ነው፣ ከሳል ጋር መኖር ይቻላል ይል ነበር።

አንደኛ። ሞተሬን ለምርመራ ባቀረብኩ ዕለት መርማሪዎ ጨርቅ አጣጥፎ የማርሚታውን አፍ ሲደፍነው ጢሱ በአንገቱ በኩል ስላመለጠ፣ የሰፈሩን ሰላም የማደፈርሰው እኔ መሆኔን በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት ስላሳወቀኝ አመሰግነዋለሁ። በእርግጥ በጎዳናችን ላይ የእህል ወፍጮ አለ፤ የብረት በር ሲቀጠቅጡ የሚውሉ ወንድማማቾች አሉ፤ ድምፅ ማጉያውን መንገድ ላይ አውጥቶ የሚያስጮህ የስልክ ነጋዴ አለ፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያጓራው የራስዎ መሥሪያ ቤት ጄኔሬተርም አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብለው ያጉረመረሙ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ ግን አልተባበርኳቸውም፤ ሕግ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበትና።

ሁለተኛ። አስደፍኚው ተባልኩ፤ ታዘዝኩ። የሰፈራችን መካኒክ የዛጉትን የብሎን ዳዶዎች ዘይት አጠጥቶ አሳደራቸው፤ አንዱ ብሎን ግን እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን ከቦታዬ አልነቀልም ብሎ እዚያው ተሰበረና በመሰርሰሪያ ወጣ። ጢሱ እንዳያመልጥ መሃል የሚገባው ቀለበት፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ተጨፍልቆ ስለነበር በአዲስ ተተካ። ዝገት የበሳቸው ቀዳዳዎችም በብየዳ ተደፈኑ። የአባቴ ቆርቆሮ ከነሽቦው መሬት ላይ ሲወድቅ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ሞተሯ ስትነሳ መካኒኩ እጁን አስጠግቶ ትንፋሽ ፈለገ፣ አላገኘም። ሥራው እንከን እንደሌለው መርማሪዎም መስክሯል።

ሦስተኛው ጉዳይ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ። እናቴ ዓይኗን ካጣች ወዲህ የቤቱ ሥራ አንድ በአንድ ከእጇ ወጥቷል። ቢላው እንዳይቆርጣት፣ ምድጃው እንዳያቃጥላት እየተባለ የቀራት ሥራ በር መክፈት ብቻ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ሞተሯ ገና ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ስትታጠፍ ትሰማታለች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ግቢውን አቋርጣ፣ እኔ ስደርስ በሩን ከፍታ፣ የምሳ ዕቃዬን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። አባቴንም ዕድሜዋን ሙሉ የተቀበለችው እንዲሁ ነበር። አንዳንዴ፣ የምመጣው እኔ መሆኔን እያወቀች እንኳ፣ ለአፍታ እሱ የመጣ እንደሚመስላት ነግራኛለች።

ሞተሯ በተጠገነች ዕለት ማታ ስደርስ በሩ ዝግ ነበር። ከፍቼ ስገባ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ጆሮዋን ወደ ወፍጮ ቤቱ ጥግ አቅንታለች፤ ፊቷ ቆሜ እሷ ገና እየጠበቀችኝ ነበር። በማግስቱ ጥሩምባ ነፋሁ፤ ጥሩምባ ግን የማንም ነውና ለታክሲውም ለጭነት መኪናውም እየተነሳች በር ስትከፍት ሾፌሮች ሳቁባት። ከደጅ ቆሜ ብጣራ ደግሞ፣ ደጅ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ ነው፣ የቤት ሰው ሲመጣ ይሰማል እንጂ አይጣራም አለችኝ። አሁን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ እገባለሁ። እናቴ እጇን አጣጥፋ ትውላለች፤ ደግፌ ካላነሳኋት ለምግብ እንኳ አትነሳም። እየመነመነችብኝ ነው፣ የተከበሩ ኃላፊ፤ ፈርቻለሁ። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምነግርዎ።

አራተኛ። ሞተሯ ጥቂት እንድትተነፍስ ይፈቀድልኝ ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ረዳትዎ ከወንበራቸው ሳይነሱ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ መመሪያው ስለ እናት የሚለው ነገር እንደሌለ አስረዱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁሉ ውለታ የምከፍለው ስለሌለኝ ምርቃቴን ይቀበሉኝ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ጎዳናዎ ኮሽታ የሌለበት ይሁን፤ ማታ ወደ ቤትዎ ሲመለሱም መምጣትዎን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው አይጡ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጠባይዋ የታረመላት ሞተር ብስክሌት ባለቤት፣
የአንዲት በር ከፋች ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው፣ ትናንት ወደ ማታ መርማሪዎ ሞተሬ ምርመራውን ማለፏን የሚገልጸውን ወረቀት ሊያደርስልኝ በመሥሪያ ቤትዎ ሞተር ብስክሌት መጣ። ገና ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲታጠፍ ሰማነው፤ የመሥሪያ ቤትዎ ማርሚታ አንገቱ ላይ ይተነፍሳል። እናቴ ማንም ሳይደግፋት ተነሳች። ሻሿን አስተካክላ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ከእኔ ቀድማ በሩን ከፈተችና እጇን ዘርግታ «ዛሬስ አመሸህ» አለችው። መርማሪዎ የያዘውን ቦርሳ አቀበላት። ቦርሳውን ዳስሳ የምሳ ዕቃ አለመሆኑን እስክታውቅ ድረስ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ለእርስዎ አልጽፍም። ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ልመና አለኝ፦ የመሥሪያ ቤትዎን ሞተር እባክዎ አያስጠግኑት፤ መርማሪዎም ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ካልከበደው፣ በእኛ ደጅ በኩል ይለፍ።