የአባባ ትንሹና ትልቁ የብስክሌት ጉዞ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ምስጋኑ ፈንታው፤ ባሕር ተሻግረህ በምትኖርበት በጀርመን አገር።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሰርካለምስ እንዴት ናት? ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ለቀቃት ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ታቃስታለች? ትንሿ ጥሩነሽ ጥርስ አወጣች? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ይመስገንና ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ደህና ናት። ገብሱም ውርጭ ሳይመታው ተሰብስቧል። እኔም ደህና ነኝ፤ ልቤ ከመውለቁ በቀር። ያወላለቃችሁት ደግሞ አንተና አባባ ናችሁ።

ይኼን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ገና ስጀምር ትስቃለህ፤ ከዚያ "መስመሩ አይሰማም" ትላለህ። ስለዚህ ወደናንተ አገር በሚመለስ እንግዳ እጅ ይኼን ወረቀት ላክሁልህ። ወረቀት ይዘህ መሳቅ ትችላለህ፤ ማቋረጥ ግን አትችልም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። አባባ ስፖርት ማስተማሩን ትተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ወጣ ብለው መመለስ ይበቃቸው ነበር። አንተ ብስክሌት ላክህላቸው። እሱም ይሁን አልን። ከዚያ ደግሞ ደውለህ፣ ከደሴ ተነሥቶ በወገል ጤናና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚገባ የብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ እንዳለ፣ ለአባባ ስጦታ ልታደርገው እንዳሰብክ፣ ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ እኔ እንድመርጥላቸው ነገርከኝ። ስጦታው ያንተ፣ ጣጣው የኔ!

ትልቁ ጉዞ አርባ ምናምን ሰው የሚሄድበት ነው። ድንኳን ተካይ፣ ወጥ ሠሪ፣ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ነርስ፣ ኋላና ፊት የሚያጅቡ መኪኖች አሉት። ትንሹ ግን ስድስት ፈረንጆችና አንዲት መኪና ብቻ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ነርስ ካለበት ጋር ይሄዳል፤ ይኼ ለማን ይጠፋዋል? ለአባባ ጠፋቸው። "እኔ እንደ ሠርገኛ በአጀብ አልሄድም። ጥቂት ሰው ሲሆን ይተዋወቃል፣ ይተሳሰባል" አሉ። እማዬ በበኩሏ "ሁለቱም ይቅሩብን፤ ሽማግሌ ሰው ጠባብ ሱሪ ለብሶ በአደባባይ?" ብላ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። እሳቸውም ነገሩን ከሰሙ በኋላ ረቡዕና ዓርብን እስካልገደፉ ድረስ ኃጢአት አላየሁበትም ብለው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። አንተም "እንደ ፈቀዳቸው" አልክ። እኔን የሰማኝ የለም።

በጥቅምት መጀመሪያ ትንሹ ጉዞ ሲነሣ እኔም ከሆቴሉ ሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄድኩ። በአጃቢዋ መኪና ከሾፌሩ ከበድሩ ጎን ተቀመጥኩ። በድሩ የኩታበር ልጅ ነው፤ ምንም ቢመጣ "አብሽሪ" ከማለት ሌላ የማያውቅ ሰው። እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ ቁልቁለት ስለሆነ ሁሉም ደስ ብሎት ወረደ። ከወንዙ ወደ ደላንታ የሚያወጣውን ዳገት ግን አንተም ታውቀዋለህ፤ መኪናዋ እንኳ እያቃሰተች ነው የምትወጣው።

ፈረንጆቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም ደግነታቸው ነበር። በየጠመዝማዛው ቆመው አባባን ይጠብቃሉ። ሲደርሱ ያጨበጭቡላቸዋል። አባባ ያን ሁሉ ሰው አቁመው እንዴት ይረፉ? አሁን የደረሱት ሰውዬ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ "ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" ይላሉ። እኔም ከመኪናው መስኮት አንገቴን አውጥቼ "አባባ ውኃ! አባባ ኪኒን! አባባ ቀስ!" እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። አጋማሹ ላይ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከብስክሌቱ ወርደው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ስድስቱም ዳገቱን ተመልሰው ወርደው ከበቧቸው። አንዷ ታራግባለች፣ አንዱ እጃቸውን ይዞ የልብ ምታቸውን ይቆጥራል። በድሩ ብስክሌቱን ከመኪናው አናት ላይ አሰረው።

ከዚያ በኋላ እስከ ላሊበላ ድረስ አባባ የራስ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከኋላ ወንበር ሆነው መጡ። የሰፈሩ ሰው ግን "ጋሽ ፈንታው ከደሴ በብስክሌት እየመጡ ነው" ተብሎ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ጎረቤታችን አለሜ እልልታዋን ጀምራ ከመኪና ሲወርዱ ስታያቸው አፏን በእጇ ያዘች። አባባ ለሁሉም እጅ ነስተው ገቡ። ብስክሌቱንም ከገለባው ጎን አቁመው ማዳበሪያ አለበሱት። ሳምንታት ሙሉ እህል እንኳ በልመና ነበር የሚበሉት። እማዬ "እንኳን ቀረ" ስትል ከረመች፤ እኔ ግን ከዝምታቸው ጭቅጭቃቸው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ አባባ ወገል ጤና ለቅሶ አለብኝ ብለው ተነሡ። እኔም አምኜ ጋቢያቸውን አጣጥፌ ሰጠኋቸው። ብስክሌቱ ከገለባው ጎን አለመኖሩን ያየነው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። በማግስቱ በድሩ ደወለልኝ፤ ለካ የትልቁም ጉዞ አጃቢ ሾፌር እሱ ኖሯል። "አብሽሪ፣ አባትሽ ከወገል ጤና ጀምሮ ከትልቁ ጉዞ ጋር ናቸው፤ ዛሬ ጋሸና እናድራለን" አለኝ። ወዲያው ላንተ ደወልኩ። አንተም ምንም ሳታፍር "ለምነውኝ ነው፤ ለማርያማዊት አትንገር ብለውኝ ነው" አልከኝ! አባትና ልጅ ተማክራችሁ እኔን እንደ ጠላት ጦር ስታታልሉኝ! በደም ግፊት የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም።

በሌሊቱ ሚኒባስ ወደ ጋሸና ወጣሁ። ስደርስ ብስክሌተኞቹ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሄደዋል። ድንኳን የሚያፈርሱትን ጠየቅሁ፤ የፊተኛው መኪና ያውቃል አሉ። ትሁን የሚባለው የጉዞው መሪ ደግሞ ስልኩን አንሥቶ የኋለኛው መኪና ያውቃል አለኝ። የኋለኛው መኪና ገና ከጋሸና ያልተነሣው የበድሩ ነው፤ በድሩ ደግሞ ከፊት ያሉ መስሎት ነበር። ይኸው ትልቅነቱ! ይኼ ሁሉ ሰው፣ ይኼ ሁሉ መኪና፣ ነርሷም አለች፤ አባባ የት እንዳሉ የሚያውቅ ግን አንድ አልነበረም። ከበድሩ ጋር እየተከተልን ገደሉን ሁሉ ቁልቁል እያየሁ፣ እያለቀስኩ፣ በመሀሉም አንተን እየረገምኩ ሄድኩ። በድሩ እንኳ "አብሽሪ" ማለቱን ትቶ ነበር።

ያገኘናቸው ከመንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ነው። ብስክሌቱን ከቤቱ ጀርባ ስላስጠጉት ልናልፋቸው ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ከአንድ ገበሬ ጋር ቆሎ እየበሉ ስለ በሬ ዋጋ ይጫወታሉ። እኔ ከመኪናው ሳልወርድ ጀመርኩ። ያልተናገርኩት ነገር የለም። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝና ገበሬውን ይቅርታ ጠይቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

እንዲህ አሉኝ፣ ምስጋኑ፤ እንዳሉት እጽፍልሃለሁ። "ማርያማዊት፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። እናትሽ ከደጃፍ ስወጣ ትጠብቀኛለች። አንቺ ኪኒን ስውጥ ትጠብቂኛለሽ። እነዚያ ደጋግ ሰዎች በየዳገቱ ጠበቁኝ፤ የጣለኝ ዳገቱ እንዳይመስልሽ፣ መጠበቃቸው ነው። እዚህ ግን ደከመኝና ተቀመጥኩ፤ ማንም አላየኝም። ሲሻለኝ እነሣለሁ፤ ማንም አያጨበጭብልኝም።" ኪኒናቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ የጠዋቱ ተውጧል። ከዚያም "አሁን ከበድሩ ጋር ወደ ቤት ሂጂልኝ፤ በመስተዋትም ወደ ኋላ አትይኝ" አሉ።

ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አትጠይቀኝ። በድሩ ከፊታችን የደከሙ ሰዎች ስላሉ ቀጥሎ ሄደ፤ እኔም አንገቴ ወደ ኋላ እንዳይዞር ጥርሴን ነክሼ። ቤት ገብቼ ለእማዬ የማላውቀውን ሁሉ "ደህና ናቸው" እያልኩ ዋልኩ። ሌሎቹ ገቡ፣ ታጠቡ፣ በሉ። ፀሐይ አሸተን ተራራ ላይ ብቻ ስትቀር አባባ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚያመጣውን ዳገት በእግራቸው ብስክሌቱን እየገፉ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ተቀምጠውበት፣ ከሁሉም መጨረሻ መጡ። ከበር አልወጣሁም። እማዬንም ቀሚሷን ይዤ አስቀረኋት። አለሜ ብቻ ከአጥሯ ማዶ እልል አለች፤ እሷን ማን ይይዛታል? አባባ ገብተው "ራት አልደረሰም እንዴ?" አሉ፤ እንጀራው ቆይቶባቸው ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

እንግዲህ አንተ ትንሹ ይሻላል ወይስ ትልቁ እያልክ ስትጠይቀኝ የነበረው መልሱ ይኼ ነው። እኔ ትልቁን የመረጥኩት ሰው እንዲያያቸው ነበር፤ እሳቸው የወደዱት ሰው ስለማያያቸው ነው። ትክክል ነበርኩ ለማለት እንኳ አላበቃችሁኝም።

ይባስ ብሎ በቀደም ለት አባባ በእርጋታ ቡና እየጠጡ ለከርሞው ትልቁ ጉዞ ተመዝግቤያለሁ አሉኝ። "ያንቺንም ስም አስመዝግቤያለሁ፤ የምስጋኑ ስጦታ ነው" አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ለናንተማ ኅዳርም ጉድ ያሰማል! እምቢ ብዬ ነበር። ግን ትናንት ሰው ሳያየኝ ብስክሌቱን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሞከርኩት። ኮርቻው ምን ቢሠራኝ ጥሩ ነው? ይኼን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ነው የጻፍኩልህ።

እማዬ ትንሿን ጥሩነሽን ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች፤ ላንተ ግን ብስክሌት የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳትልክ በማርያም ትለምንሃለች። አባባ ጉልበትህ ይበርታ፣ ልጅህ ትደግልህ ይሉሃል፤ ጓንትም ፈልገዋል። አለሜ ሰላም ብላሃለች። ሰርካለምን ወገቧን ሙቅ ነገር እንድታስይዘው ንገርልኝ። ለኔም ጓንት ላክ፤ ቁጥሬ ከአባባ ያነሰ ነው።

የተናደደችብህና የናፈቀችህ እኅትህ
ማርያማዊት ፈንታው
ላሊበላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.